ወንድማችን ሪባን ሲቆርጥ የኖረበት ኮሌጅ

እትዬ፣ የእኔ ታላቅ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ቀለለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ በየመሐሉ እየቆምሽ ትተነፍሻለሽ? ትልቁን ልጅሽን ያ ደረቅ ሳል ለቀቀው? የትንሿስ የወለቁት ጥርሶች በቀሉ? የባለቤትሽ ፈረቃ ተቀየረለት ወይስ እስካሁን አንቺ ስትገቢ እሱ እየወጣ በር ላይ ትገናኛላችሁ? አንድ በአንድ ጻፊልኝ እንጂ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ አትገላገዪኝ፤ እሱ ለጎረቤት የሚመለስ መልስ ነው። እኛ በሕይወት አለን፣ ፈጣሪ ይመስገን። እማዬ ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ቢላት ጨዋታ ቀንሺ የተባለች ይመስል አኩርፋ፣ ሰው ዞር ሲልላት ትነሰንሳለች። እኔም ከጥርስ ሕመም በቀር ምንም አልሆንኩ። የአባባን ነገር በሰፊው ስለምነግርሽ እዚህ ላይ በሁለት ቃል አላበላሸውም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ወንድምሽን በሰው ፊት አዋረድሽው፤ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ እየመራሽ ወስደሽ የቂምሽ መወጫ አደረግሽው፤ ምቀኝነት እኛ ቤት መቼ ገባ?» ብለሽኛል። ማን እንደነገረሽ አልጠይቅሽም። የሱ ስልክ ከእኔ ደብዳቤ እንደሚፈጥን ዱሮም አውቃለሁ። ብቻ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ኮሌጃችንን የምታውቂው እሱ በሚልክልሽ ፎቶግራፍ ነው፤ በፎቶግራፉ ሁሉ ላይ ደግሞ ወንድማችን መቀስ ይዞ ይስቃል። ስለዚህ ቁጭ በዪና ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ከፈረድሽብኝም ሰምተሽ ፍረጂብኝ።

ስትሄጂ ኮሌጁ ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቆርቆሮ የለበሱ ረጃጅም ክፍሎች፣ ዝናብ ሲመጣ መምህሩ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስባቸው፤ ከበስተጀርባ በአጥሩ ላይ የተከፈተች ጠባብ በር፤ ከበሯ ወዲያ የሰፈሩ ልጆች የሚማሩበት መለማመጃ ትምህርት ቤት። ሠልጣኞቻችን ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለው በዚያች በር ይገባሉ፣ እውነተኛ ልጆች ፊት ቆመው እየተንቀጠቀጡ ያስተምራሉ። አባባ በጥግ ክፍሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያየውን ስሕተት ሁሉ ያለ ርኅራኄ ይዘረዝርላቸዋል። «ልጁ አልገባውም አትበል፤ አላስገባሁትም በል» ይላቸው ነበር። ከሠልጣኞቹ መሐል ያላለቀሰ የለም። ግን እነዚያ ወጥተው ሲያስተምሩ ልጅ ማንበብ ይችላል። ርእሰ መምህሩ፣ ኮቱ ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ ጠመኔ ያልነው ሰውዬ፣ ቅዱስ ነበር አልልሽም። ንፉግ ነበር። ጠመኔውን ቆልፎ ይዞ ግማሽ ግማሹን እየሰበረ ያድለን ነበር፤ ሴት መምህር ኃላፊ ትሁን ሲባል ደግሞ ሳል ይነሣበታል። ይሁን እንጂ ያ ግቢ መምህር ለማውጣት እንደቆመ ያውቅ ነበር። ከሱ በኋላ የመጡት ግቢው ለምን እንደቆመ ጠይቀውም አያውቁ።

ከዚያ ለውጥ መጣ። ኮሌጆች የራሳቸውን ገቢ ይፍጠሩ፣ ዘመኑን ይምሰሉ፣ ስማቸውንም ያስተካክሉ የሚል መመሪያ ከላይ ወረደ። ጠመኔ በጡረታ ተሸኘ፤ አባባም ዓይኑ እየደከመ ነበርና በዚያው ዓመት ወጣ። የንባብ ማስተማሪያ ዘዴውን ትምህርት እኔ ወረስኩ፣ ኮሌጁን ደግሞ ወንድማችን ተሾመበት። አንቺም «የአባባ ወንበር ከቤት አልወጣም» ብለሽ እልል ያልሽበትን ደብዳቤ ልከሽ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ያ ልጅ ሲያስተምር ማየት ደስ ይል ነበር። ክፍልፋይ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ዳቦ እየቆረሰ፣ የተሳሳትኩበትን ቁራሽ እየበላብኝ። ዳቦዬ እንዳያልቅብኝ ስል ሒሳብ ዐወቅሁ።

ሲሾም መጀመሪያ የሠራው ሥራ ሰሌዳ ማስጻፍ ነበር። «የመምህራን ማሠልጠኛ» የሚለው ወርዶ «የሁለገብ ሙያ፣ የአመራርና የቴክኖሎጂ ልህቀት ኮሌጅ» የሚል ወጣ። ሰሌዳው ከበሩ ስለሰፋ የበሩ ምሰሶ ፈርሶ ወደ ጎን ተወሰደ። ሪባን ተቆረጠ። ቀጥሎ የእንግዳ መቀበያው ሪባን ተቆረጠለት፤ ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያው። አዲሱ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር ተመረቀ፤ ውሃ ግን ገና አልገባለትም ነበርና ጭብጨባው ሲያበቃ በሩ ተቆለፈ፣ እንግዶቹም እንደ ዱሮው ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ። ተማሪዎቹ «ሪባን» ብለው ስም ያወጡለት ያን ቀን ነው። ዛሬ በሹመት ስሙ የሚጠራው እሱ ፊት ብቻ ነው።

ዶክተርነቱንም ልንገርሽ፤ አንቺ ለጎረቤቶችሽ የምትኮሪበትን። አንድ ጉባኤ አለብኝ ብሎ ሄደ፤ ሲመለስ ዶክተር ሆኖ መጣ። እትዬ ሙች፣ እማዬ ለመንገድ የቋጠረችለት የተቀቀለ እንቁላል እንኳ አልተበላሸም ነበር። የክብር ነው ይላል። የሰጠው ተቋም የት ነው ብዬ ብጠይቀው «ዓለም አቀፍ ነው» አለኝ። የትም የለም ማለት እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው ስገባ «እርስዎ» እንድለው አዘዘኝ፤ በሥራ ቦታ እህትነት የለም አለ። እሺ አልኩ። እሁድ እማዬ ቤት «ካልሲህ ተቀዷል፣ አውልቀው» ያልኩትን ሰው፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ «ዶክተር፣ ይፈርሙልኝ» እለዋለሁ።

አዳዲስ የትምህርት ክፍሎችም ተከፈቱ። የሆቴል ሙያ ያለ ወጥ ቤት ተከፈተ፤ ተማሪዎቹ አልጋ ማንጠፍን በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተማሩ። ኮምፒውተሮች በመኪና ተጭነው መጡ፤ ፎቶ ከተነሡ በኋላ ክፍሉ የኤሌክትሪክ መስመር እንደሌለው ታወቀና ከነካርቶናቸው ተደረደሩ። ትምህርቱ ግን መቆም የለበትም ተባለ። ካርቶኑ ላይ የመተየቢያው ፊደላት ተሣሉና ተማሪዎቹ በጣታቸው እየነካኩ ተለማመዱ፤ በዚያው ላይም ተፈተኑ። ካርቶን ላይ የሚሳሳት የለምና ሁሉም አለፉ። ሪፖርቱ «መቶ በመቶ» ይላል፤ ውሸት አይደለም።

ይህን ሁሉ ሲያይ ሌላው መምህር ምን ይል ነበር ትዪኝ ይሆናል። ያጨበጭብ ነበር። ከሁሉ የከፋው ያ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ «እንዳሉት» እንለዋለን፤ ያለ «ዶክተር እንዳሉት» አፉን ስለማይከፍት። አንድ ቀን ወንድማችን ገና ምንም ሳይናገር፣ ጉሮሮውን ብቻ ጠርጎ ሳለ፣ ይህ ሰው ተነሥቶ «ዶክተር እንዳሉት» ብሎ ጀመረ። የሳቀም የለም፤ ሁሉም ማስታወሻ ያዙ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? ወንድማችንን ያሳበዱት እነዚህ ናቸው። እሱን ግን ነጻ አላወጣውም፤ ሙገሳውን እንደ ውሃ የጠጣው በገዛ ጉሮሮው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያስቅ ነው፤ እኔም ስስቅ ኖርኩ። ከአራት ዓመት በፊት ግን መለማመጃ ትምህርት ቤቱን ዘጋው። ልጆች ገቢ አያመጡም፣ ክፍሎቹ ግን ይከራያሉ አለ። አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ሲሚንቶና ሸክላ አስገባባቸው፤ ጠባቧ በር በብሎኬት ተደፈነች። በነጋታው እናቶች ልጆቻቸውን ፊታቸውን አጥበው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ይዘው መጡ፤ ዘበኛው ከዋናው መንገድ ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት በጣቱ እያሳየ መለሳቸው። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ልጅ ሳያዩ ልጅ ማስተማርን ከምን ሊማሩት ነው?» አልኩ። ወንድማችን ክንድ በምታህል ርቀት ላይ ተቀምጦ በማይክሮፎን መለሰልኝ፦ «መምህርት ያነሡት ስሜት የሚከበር ነው።» ስሜት አለው! ከዚያ «እንዳሉት» ተነሣ፤ የተቀረው አንገቱን ደፋ። ከስብሰባው በኋላ በኮሪደሩ አንድ በአንድ እጄን እየያዙ «ልክ ብለሻል፤ እኛም ውስጥ ውስጡን ካንቺ ጋር ነን» አሉኝ። ምስጥም ውስጥ ውስጡን ነው አልኳቸው።

ሠልጣኞቹ እንግዲህ እርስ በርሳቸው እንዲለማመዱ ተደረገ። እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ጢሙ ደረቱን የነካ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ነበር። እሱ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ይቀመጥና የሰባት ዓመት ልጅ ይሆናል፤ እጁን አውጥቶ በወፍራም ድምፅ «መምህር፣ ሽንቴ መጣ» ይላል። ባልደረባው «ሂድ፣ ቶሎ ተመለስ» ይለዋል። ይህ ነው ልምምዱ። በዚህ ተመዝኖ ምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ አይሰጥም ብዬ የያዝኩባቸውን ደግሞ ሪባን ከላይ ያሳልፍልኛል።

በዚያ ሰሞን እማዬ ቤት ገበታ ላይ ተጣላን፤ እሱ ጠረጴዛውን ሲመታ ሾርባው ተደፋ። እማዬ ማንኪያዋን አስቀምጣ «የኮሌጃችሁን ጭቃ በር ላይ አራግፋችሁ ግቡ፤ ከእንግዲህ ያንን ስም እዚህ ያነሣ ሳህኑን ይዞ ይውጣልኝ» አለች። እኔ እንደምታውቂው በኪራይ ቤት ነው የምኖረው፤ እሁድ እሁድ ስሄድ ቃሏን አክብሬ ስለ ኮሌጁ ትንፍሽ አልልም። ወንድማችን ግን እዚያው ግቢ ስላለ ከሥራ ሲመለስ አባባ ዘንድ ጎራ ይልና በሩን ገርበብ አድርገው ይጨዋወታሉ። እማዬ «ከልጄ ጋር ሲያወራ ፊቱ ይፈካል» ትለኝ ነበር። እኔም በዚህ ነገር ብቻ አመሰግነው ነበር፤ ምን እንደሚያወሩ ግን አላውቅም።

ዘንድሮ የአዲሱ ስም ዐሥረኛ ዓመት ይከበር ተባለ። ወንድማችን ቢሮው አስጠርቶኝ «ብዕር አለሽ፤ የኮሌጁን የዐሥር ዓመት ታሪክ ለመጽሔቱ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። የሰሌዳውን፣ የካርቶኑን፣ የተደፈነችውን በር፣ ሁሉንም። ቆሞ አነበበውና «ይሄ ታሪክ ነው ወይስ ክስ?» አለኝ። የሆነውን ነው የጻፍኩት ብለው «የሆነውንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ መጽሔት የሚታተመው ሌላውን ለማሳወቅ ነው» አለኝ። እትዬ፣ እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አልቀለደም። ታሪኩን «እንዳሉት» ጻፈው። መለማመጃ ትምህርት ቤቱ «ወደ ላቀ የትግበራ ሞዴል ተሸጋግሯል» ይላል። አባባም «ፋና ወጊ» ተብሎ በበዓሉ ላይ እንዲሸለም ተወሰነ።

አሁን አንቺ የከሰስሽኝ ጋ ደረስኩ። በበዓሉ ቀን የኮሌጁ መኪና አባባንና እማዬን ቀደም ብሎ አመጣቸው። እማዬ ከሚያውቋት ሴቶች ጋር ወሬ ጀመረች፣ እኔ ከአባባ ጎን ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ክርኔን ያዘና «ልጆቹ ሳይወጡ ወደ ጥግ ክፍሉ ውሰጂኝ፤ ሲያነቡ ልስማቸው» አለኝ። የትኞቹ ልጆች አልኩት። ሳቀብኝ። «አንቺ ደግሞ ከገዛ ቤትሽ እንግዳ ሆንሽ? ያቺ ከፊት የምትቀመጠዋ፣ ባለፈው ገጹን ሙሉ ሳትደናቀፍ የወጣችው። ያ ግራኝ ልጅ ደግሞ፣ በቀኝህ ጻፍ እያሉ የሚያስለቅሱት። ተዉት፣ በግራው ይጻፍ በላቸው ብዬ ለወንድምሽ ነግሬው ነበር፤ ተዉለት?»

ለካ አራት ዓመት ሙሉ ወንድማችን ማታ ማታ ገርበብ ባለው በር ውስጥ የሌሉ ልጆች ሲፈጥርለት ኖሯል። ጠባይ አውጥቶላቸው፣ ድክመት ሰጥቷቸው፣ ከክፍል ክፍል አሳልፏቸው። አባባ ደግሞ ዘዴ እየፈለገ፣ «እንዲህ ሞክሩለት» እያለ ምክሩን ይልክላቸው ነበር።

ምን አድርጊ ትዪኛለሽ? በግልጽ ነገርኩት። «አባባ፣ መለማመጃው ከተዘጋ ቆየ፤ ልጆች የሉም» አልኩት። አላመነኝም። «አንቺ ወንድምሽ ላይ ዱሮም ጥርስ አለሽ» ብሎ እጁን ከክርኔ ላይ አነሣ፤ ከዚያም ከወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ ብቻውን ሄደ። እየመራሁ ወሰድኩት ብለሽ የጻፍሽው ይህን ነው፤ እኔ እንዳይወድቅ ከኋላው ነው የተከተልኩት። ዕድሜ ልኩን የተመላለሰበት መንገድ ነውና እግሩ አልሳተም። በሩ ጋ ሲደርስ ልማዱ ሆኖ ጎንበስ አለ፤ እጁን ሲዘረጋ ብሎኬቱን አገኘ። ላዩንም ታቹንም ዳሰሰ። የነጋዴው መጋዘን ጠባቂ አይቶት ኖሮ መጣና በጭነት መኪናው መግቢያ በኩል ዞረን እንድንገባ ፈቀደልን።

ጥግ ክፍሉ ገባን። ሲሚንቶው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። አባባ ወንበር ሲፈልግ ከረጢት ነካ። ጠባቂውን ልጆቹ የት ናቸው ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ምንም ሳያውቅ «አባቴ፣ እዚህ ልጅ አይገባም፤ ተንዶ ይጫናቸዋል» አለው። «ከመቼ ጀምሮ?» አለው። «እኔ ስቀጠርም ሲሚንቶ ነበር።» አባባ መሐረቡን አውጥቶ እጁን ጠረገ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ግራኙም የለም?» አለኝ። የለም አባባ አልኩት። «ከፊት የምትቀመጠዋስ?» የለችም አልኩት። ቤት ልውሰድህ ብዬ ብለምነው «ተጠርቼ ነው የመጣሁት፤ መልሺኝ» አለ።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ከላይ የመጡት እንግዶች ከፊት፣ አበባው ከፊታቸው። ወንድማችን ስለ አባባ ሲናገር፣ መቼም መናገር ይችልበታልና፣ ሰው ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ አባባን ወደ መድረኩ አወጡትና ጥቁር ካባ አለበሱት። አባባ ማይክሮፎኑን ስጠኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም፤ ወንድማችን አመነታ፣ ግን ሰው ሁሉ እያየው ነውና ሰጠው።

አባባ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ልጄ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «ያቺ ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ዛሬ ምን አነበበች?»

ወንድማችን ፊቱ አመድ መሰለ። ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ቤት እንነጋገራለን» ሲል ማይክሮፎኑ ለአዳራሹ ሁሉ አሰማው። አባባም «ተማሪ ሲጠየቅ ይመልሳል። አላውቅም ማለትም መልስ ነው፤ የለችም ማለትም መልስ ነው። ሌላ መልስ ግን ያስተማርኩህ አይመስለኝም» አለው። ከዚያ ካባውን አወለቀ፤ አጥፎ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክሎ፣ በልጁ ክንድ ላይ አኖረውና «አውርዱኝ» አለ።

እዚህ ላይ ነው «እንዳሉት» ተነሥቶ ያጨበጨበው። እሱ ሲነሣ አዳራሹ ሁሉ ተነሣ። እትዬ፣ የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ነው! ሽማግሌው በትሕትና ሽልማቱን ለልጁ ያወረሰ መሰላቸው። ከእንግዶቹ አንዱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ይህ ነው ትውልድ መተካካት» አለ። አባታችን በዚያ ጭብጨባ መሐል ክንዴን ይዞ ደረጃውን ወረደ። ያን ቀን የናቅሁትን ያህል ሰው ንቄ አላውቅም። እንግዲህ አዋረድሽው ያልሽው ወንድማችን አልተዋረደም፤ ከእኛ ቤት ሰዎች በቀር የገባው የለም።

በማግስቱ እማዬ ጋ ሄጄ ሳለሁ መጣ። ሞቅ ያለ ንግግሩን ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ አባባ እግር ሥር ተቀመጠ። «ደስ እንዲልህ ብዬ ነው፣ አባባ» አለ። አባባ «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለው። «ክፋቱ እሱ ነው። ግራኙን እንዳያስቀይሙት እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ። ለሌለ ልጅ አሳሰብከኝ፤ ያሉትን ልጆች ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳላስብላቸው አስቀረኸኝ።» ወንድማችን አለቀሰ። የመድረክ ለቅሶ አልነበረም፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር፤ እኔም አንጀቴን በላው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ወደ በረንዳው ወጣና በዚያው በመድረክ ድምፁ «አመሰግናለሁ፣ የጋራ ድላችን ነው» ሲል ሰማሁት። አንጀቴ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ድሉ ምን እንደሆነ በወሩ ተሰማ። ወንድማችን ወደ ላይ ተሾሟል፤ የትምህርት ጥራት ኃላፊ ሆኗል፤ የአንድ ኮሌጅ አይበቃውምና የብዙ ኮሌጆች። የእኛ ኮሌጅ ደግሞ ራቅ ብሎ ላለ ትልቅ ኮሌጅ ቅርንጫፍ ይሆናል ተባለ፤ የመምህርነት ሥልጠናው አዋጭ ስላልሆነ ታጥፏል። ሰሌዳ ጸሐፊው ሰሞኑን መሰላል ላይ ነው። «እንዳሉት» ለአዲሱ ኃላፊ የእንኳን ደህና መጡ ንግግር እያዘጋጀ ነው፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም።

ወንድማችን ለኔም ወንበር አዘጋጅቶልኛል፤ «የንባብ ክትትል አስተባባሪ» የሚባል። ምን እከታተላለሁ ብለው «ሪፖርት» አለኝ። እንቢ አልኩ። ከዋናው መንገድ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ላስተምር ብዬ አመለከትኩ፤ ባልደረቦቼ ልቧን ነካት እንዴ አሉ። ገብቼ ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ሳምንት ሆነኝ። እዚያ የእኛን የቀድሞ ሠልጣኝ አገኘሁ። ልጆቹን «የተከበራችሁ ተማሪዎች» ይላቸዋል። አንዲት ልጅ እናቴን ብላ ስታለቅስ ሰሌዳውን ተደግፎ ላቡን ይጠርጋል፤ በጢማም ልጅ ሠልጥኖ የሚያለቅስ ልጅ የት ያውቃል? እሱን አልናቅሁትም። ከክፍሌ ስወጣ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጥለታለሁ፤ ከዚያ ያየሁትን እነግረዋለሁ። ትናንት ተናዶ ደብተሩን ወረወረብኝ፤ ዛሬ ግን ልጅቷ አጠገብ ተንበርክኮ አየሁት።

እንግዲህ እትዬ፣ ይቅርታ ጠይቂው ብለሽኛል። አልጠይቀውም። እሱም እስካሁን የተዘጋውን መዘጋቱን በአፉ አልተናገረም። አትውደጂው አልልሽም፤ እኔም ልጠላው አልቻልኩም፤ ንቄዋለሁ፤ መናቅ ደግሞ በሚወዱት ሰው ላይ ሲሆን እንደ ጥርስ ሕመም ነው፣ ተኝተሽም አይለቅሽም። በዕረፍትሽ መጥቼ ላስታርቃችሁ ያልሽውን ተዪው። ነይ፤ ግን ዳኛ ሆነሽ ሳይሆን እህት ሆነሽ ነይ። መጀመሪያ ሲሚንቶውን አሳይሻለሁ፤ ቀጥሎ የፈለግሽውን በዪኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ወገቡን ጠቅልሎ ይሂድ በዪው። ትልቁን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ትንሿ የላከችልኝ ሥዕል ላይ ያለሁት እኔ ከሆንኩ አፍንጫዬን አሳንሺልኝ በያት። አማትሽን ስለ ጤንነታቸው ጠይቂልኝ። ያቺ ፎቅ የምትኖረውን፣ ታመሽ ሳለ ሾርባ ያመጣችልሽን ሴት፣ ሳላውቃት አመሰግናታለሁ። እማዬ ብዙ ሳመችሽ፤ ጨው ይጎዳል የሚለው እውነት መሆኑን እዚያ ያለ ሐኪም ጠይቀሽ ንገሪኝ ትላለች፤ ጎጂ ነው ካለ ግን አትጻፊላት።

አባባ እዚህ አጠገቤ ተቀምጧል። ምን ልበልልህ ብለው «ደህና ነው ብለሽ እንዳትጽፊ፤ እንዳለሁ ጻፊኝ» አለኝ። እንግዲህ እንዳለ፦ ግራ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል፣ በቀኙ ጥላ ያያል። ይበላል። እግሩ ጠንካራ ነው። ወንድማችን ሲመጣ ሰላምታውን ይመልሳል፣ ሌላ አይጨምርም። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ ብል ዛሬ ማን አነበበ ብሎ ጠየቀኝ፤ ማንም አላነበበም አባባ አልኩት፤ ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ።

ታናሽ እህትሽ

ከእማዬ ቤት፣ ከበረንዳው
ኅዳር ፲፱ ቀን